ገጹን ጥቀስልኝ፦ በፕሌኖ ስለ ተነበቡ ልዩ ልዩ መጻሕፍት የተሰጡ የአንባብያን አስተያየቶች

የአማርኛ መጻሕፍት ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው በደራስያንና በሕትመት ዘመን ቅደም ተከተል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቶማስ ኬን የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1975 ሰፊ ጥናት አቀረቡ። ራይዱልፍ ሞልቬር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የደራስያኑን የሕይወት ታሪክ በአንድ ጥራዝ ሰበሰቡ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ መጽሐፉ አለ፤ ደራሲውም አለ። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው፣ ከወዳጁ ተውሶ ሳይመልስ የቀረው፣ በመብራት ወይም በኩራዝ ያነበበው ሰው ግን እምብዛም አይታይም። እርሱ ምን አለ? የወደደውን ለምን ወደደ? የጠላውንስ?

ይህ ጽሑፍ ያን ጉድለት ይሞላል የሚል ድፍረት የለኝም። የማቀርበው ከአንዲት ከተማ የተገኘ ጥቂት ማስረጃ ነው። ፕሌኖ ከዳላስ በስተሰሜን በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ285 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበባት ከተማ ናት። እኛ ኢትዮጵያውያን በእርስዋና በአጎራባቾቿ በሪቻርድሰንና በጋርላንድ ተበትነን እንኖራለን። የአማርኛ መጽሐፍ የምናገኘው ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ አለዚያም በሐበሻ ሱቅ ከበርበሬውና ከሽሮው መደርደሪያ አጠገብ ነው። ከመካከላችን ጥቂቶች በወር አንድ ቅዳሜ እየተገናኘን ያነበብነውን እንነጋገራለን። እኔም የተናጋሪዎቹን ቃል በማስታወሻ ደብተር ስይዝ ቆይቻለሁ። ስም አልጠቅስም፤ ለምርመራ የማቀርበው አስተያየቱን እንጂ ሰውየውን አይደለምና።

ከማስታወሻዬ የተረዳሁትን አስቀድሜ ልናገር። አብዛኞቻችን ስለ መጽሐፍ ስንጠየቅ የምንመልሰው ስለ ራሳችን ነው፤ ከአገር ስለ ወጣንበት ዓመት፣ ስለ ነበርንበት ወገን፣ ስላጣነው ሰው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የራሳችንን ታሪክ በመጽሐፉ ላይ የተሰጠ ፍርድ አስመስለን ማቅረባችን ነው። በዚህ ስሕተት ከተያዙት ሰዎች አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

በጆሮ የተነበበው መጽሐፍ

የመጀመሪያው መጽሐፋችን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአማርኛ ልቦለድ ዘንድ የመለኪያ ሚዛን ሆኖ የኖረ ሥራ ስለ ሆነ ክርክር አይነሣበትም ብለን ነበር የጀመርነው። ሦስት አስተያየቶች ተሰጡ።

አንድ አዛውንት «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ አይጻፍምም» አሉ። የትኛው ክፍል ይበልጥ እንደ ነካቸው ስንጠይቃቸው ግን የጠቀሱልን ገጽ ሳይሆን ድምፅ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ሲተርከው የሰሙበትን ምሽት፣ በራዲዮኑ ዙሪያ የተቀመጡትን ቤተ ሰብ፣ ቡናውን። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልጠው እንደማያውቁ በቅንነት ነገሩን። አስተያየታቸው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የአማርኛ ልቦለድ በአገራችን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም እንደ ተነበበ የሚመሰክር ነውና ለታሪክ ጸሐፊው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ምስክርነቱ ስለ ወጋየሁ ድምፅና ስለ ጠፋው ምሽት ነው፤ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት ገና ምንም አልተባለም።

ሁለተኛው ተናጋሪ በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ያደገ ሰው ነው። ለእርሱ መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓት ለማውገዝ የተጻፈ ሰነድ ሲሆን፣ ጉዱ ካሳ የደራሲው አፍ፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ደግሞ የሰነዱ ማስጌጫ ነው። ይህ ንባብ መሠረት አለው፤ ጉዱ ካሳ በሥርዓቱ ላይ የሚያወርደውን ትችት ማንም አይክድም። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ጋር ሊዋጉ የዘመቱበትን ክፍል ይህ ንባብ ሊያስተናግደው አይችልም። እዚያ ደራሲው አያወግዙም፤ ይሥቃሉ፤ ከሣቁም በኋላ ለሚሣቅበት ሽማግሌ ያዝናሉ። የክስ ሰነድ ለተከሳሹ አያዝንም። ወዳጃችን ያን ክፍል ሲያነብ እንደ ሣቀ አምኗል፤ ሣቁን ግን በአስተያየቱ ውስጥ ቦታ አልሰጠውም።

ሦስተኛዋ በሕክምና ሥራ የምትተዳደር፣ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበች እኅታችን ናት። እርስዋ ያለችው አጭር ነበር፦ ወንዶቹ ይናገራሉ፣ ሰብለ ወንጌል ግን ትሄዳለች። የአባቷን ቤት ጥላ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ መንገድ የምትገባው እርስዋ ናት። «ስለ ፍቅር ጽናት የሚነገርላቸው ሁለቱም ናቸው፤ መንገዱን የሄደችው ግን አንዷ ናት» ብላ ገጹን ገለጠችልን። እኔ ይህን መጽሐፍ አራት ጊዜ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን አላየሁም ነበር። በዚያን ዕለት ስለ መጽሐፉ የተናገረችው እርስዋ ብቻ እንደ ነበረች ይሰማኛል።

ችሎት ፊት የቀረበው መጽሐፍ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲው ከሥራው መባረሩ፣ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደ ወጣ መቅረቱ ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ ስለ መጽሐፉ መነጋገር ስለ ሰውየው መነጋገር ሆኖ ኖሯል። በእኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። አንዱ ወገን «ሰማዕት ነው» አለ። ሌላው ወገን «በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን የነበረ፣ በ1972 ዓ.ም. ‹የቀይ ኮከብ ጥሪ›ን የጻፈ ሰው ነው፤ ሥርዓቱን አገልግሎ ሥርዓቱ በላው» አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር መጽሐፉ በጠረጴዛው ላይ እንደ ተዘጋ ቆየ።

በመሠረቱ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት፤ መጽሐፉን ለምስክርነት ጠርተው ቃሉን ሳይሰሙ አሰናበቱት። ቃሉን ብንሰማ ምን ይል ነበር? ተራኪው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ወሬ ለሕዝብ ለማድረስ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። የሚያየውንና የሚያስተላልፈውን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ የመጽሐፉ ኃይል ደራሲው ንጹሕ በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ላይ አይደለም። ምስክሩ ከተከሳሹ ወንበር ላይ ሆኖ መናገሩ ላይ ነው። ሰማዕት ብቻ ያደረጉት ወዳጆቻችን ይህን ወንበር አነሡበት፤ አገልጋይ ብቻ ያደረጉትም ምስክርነቱን ነጠቁት።

ይህን የምለው ከራሴ አግኝቼው አይደለም። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታትሟል። የአንድ ወዳጃችን ልጅ፣ እዚህ የተወለደች፣ ፊደል የማትለይ ወጣት፣ በትርጉሙ አንብባ ከአባቷ ጋር መጣች። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻም ሆነ ስለ ናቅፋ ቀድሞ የሰማችው ነገር አልነበረም። ስለ ፊያሜታ የጠየቀችውን ጠይቃ ሲያበቃ ወደ አባቷ ዞራ፣ «እውነቱን እያወቀ ለምን ያንኑ መጻፍ ቀጠለ?» አለችው። አባቷ በዚያ ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ ያዘጋጅ ነበር። ልጁ ይህን አታውቅም ነበር። እርሱም ወዲያው አልመለሰላትም፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» አላት።

አንዳንዶቻችን ትርጉሙን ሳናነብ «የበዓሉ አማርኛ በእንግሊዝኛ አይገኝም» ስንል ነበር። ምናልባት እውነት ነው። ነገር ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ማንኛችንም ያልጠየቅነውን ጥያቄ የጠየቀችው ያን አማርኛ የማታውቅ አንባቢ ናት። ትርጉሙ ያጎደለው ነገር ቢኖር እንኳ ጥያቄው አልጎደለም።

ሳላነብ የፈረድሁበት መጽሐፍ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው። ቃሉ ይከብዳል፣ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ቶሎ አይለይም፣ ታሪኩ አይሄድም የሚለው አቤቱታ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የኖረ ነው። እኔም ይህንኑ አስተያየት በክፍል ውስጥና በስብሰባ ላይ ለብዙ ዓመታት ስናገር ኖሬአለሁ። ደራሲው ኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ከ«አደፍርስ» አብልጬ ሳመሰግን፣ ያን የማደርገው በሥነ ጽሑፍ ሚዛን እንደ ሆነ አምን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። «አደፍርስ»ን ከሲሶው በላይ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ያጋለጠኝ ሊቅ አይደለም። ሌሊት ሌሊት መንገደኛ ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልስ፣ ከደብረ ሲና ወገን የሆነ ሰው ነው። ተራው በደረሰ ጊዜ አስተያየት አልሰጠም። መጽሐፉን ገለጠና የእነ ወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር በአገሩ ቅላጼ ጮክ ብሎ አነበበው። ለእኔ ድንጋይ የነበረው ቃል ሁሉ ሰው ሆነ፤ የሚያሾፈው ከሚቆጣው፣ የሚያባብለው ከሚያስፈራራው ተለየ። ተማሪው አደፍርስ ለባላገሩ ትምህርት ሊሰጥ ሲነሣ የሚደርስበት ነገር ማለትም ቃሉ ሳይሰማ መቅረቱ፣ ባላገሩ ግን እየሰማው መሣቁ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉ የሚያሾፍበት ሰው ሳያዳምጥ የሚናገር ምሁር ነው። እኔም ያንኑ ምሁር ሆኜ በመጽሐፉ ላይ ስፈርድ ነበር የኖርሁት።

እዚህ ላይ ከአዛውንቱ አስተያየት ጋር ማነጻጸር ይገባል። እርሳቸውም በጆሮ ነበር ያነበቡት፤ ይህም ሰው በጆሮ እንድናነብ አደረገን። ልዩነቱ የእርሳቸው ጆሮ ከመጽሐፉ ወደ ምሽቱ ሲወስዳቸው፣ የእርሱ ግን ወደ ገጹ መመለሱ ነው።

«የእኛ ነው ወይስ አይደለም?»

ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሦስት ልቦለዶች አነበብን፤ የዲናው መንግሥቱን፣ የመዓዛ መንግሥቴንና የአብርሃም ቨርጌስን። በእነዚህ ላይ የተሰጠው አስተያየት በጠቅላላው የወሰን ክርክር ይመስል ነበር። መንገዱ በትክክል ተጠርቷልን? ሆስፒታሉ የት ነው? ጸሐፊው አማርኛ ይችላልን? የቨርጌስ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ልቦለድ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የሚነሣ ታሪክ ሲሆን፣ «ሕንዳዊ ስለ እኛ ምን አገባው?» ያለ አልታጣም። ጸሐፊው ግን አዲስ አበባ ተወልዶ በዚያው ያደገ የመምህራን ልጅ ነው፤ ኋላም በዚሁ በቴክሳስ በኤል ፓሶና በሳን አንቶኒዮ ሐኪምና መምህር ሆኖ ሠርቷል። ከአገሩ በአብዮቱ ምክንያት መውጣት የባለቤትነት ማስረጃ ከሆነ እርሱም እንደ እኛው ማስረጃው በእጁ ነው።

የዲናው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ልቦለድ ዋና ሰው በዋሽንግተን ከተማ ትንሽ ሱቅ የያዘ፣ ያልተሳካለት ስደተኛ ነው። አንድ የቤተ ሰብ አባት «ስንት ሐኪምና መሐንዲስ እያለን ለምን በከሰረ ባለ ሱቅ ያሳየናል?» ሲሉ ተቆጡ። ይህ አስተያየት ሐቀኛ ነው፤ ስደተኛ በልጆቹ ፊት መክሰርን እንደሚፈራ ይናገራል። ልቦለድን ግን የማኅበር ዓመታዊ ሪፖርት ያደርገዋል። የመለሰላቸው አንድ ወጣት ነበር። ባለ ሱቁና ሁለቱ አፍሪካውያን ጓደኞቹ የመፈንቅለ መንግሥትና የአምባገነን ስም እየጠሩ የሚጫወቱትን ጨዋታ ጠቀሰና፣ «ይህ እኮ የእናንተ የእሑድ ጠረጴዛ ነው» አለ። ሣቅን። ከሣቃችን በኋላ ግን ብዙ ሰው ዝም አለ።

ከሁሉ ከብዶ የተሰማኝ በመዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ልቦለድ ላይ የተሰጠው አስተያየት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሟን ያጣች አንዲት እናት፣ ሐኪሙ ኃይሉ በሥቃይ የተጎዳችው ልጅ ወደሚቀርብለት ክፍል ስትደርስ መጽሐፉን እንደ ዘጋችው ነገረችን። «ጥሩ አይደለም ማለቴ አይደለም። እዚያ ድረስ ጥሩ ስለ ሆነ ነው ያቆምሁት» አለች። እኔም «አደፍርስ»ን ሳልጨርስ ዘግቼው ነበር። የእርስዋ መዝጋት ግን አስተያየት ነው፤ የቆመችበትን ገጽና ምክንያቱን ታውቀዋለች። የእኔ መዝጋት ስንፍና ነበር፤ በላዩም ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍርድ ሠራሁበት።

አንድምና አንድም

እንግዲህ የአንባቢን አስተያየት በምን እንለካው? «ሁሉም የመሰለውን ይበል» የሚለው መልስ ለትሕትና የቀረበ ቢመስልም አስተያየትን ሁሉ እኩል ዋጋ ቢስ ያደርጋል። «ሊቅ ብቻ ይናገር» የሚለው ደግሞ ከላይ እንደ ታየው ሊቁን አያዋጣውም። መንገዱ ከራሳችን ቤት ያለ ይመስለኛል። የትርጓሜ ቤት መምህራን በአንድ ንባብ ላይ ከአንድ በላይ ፍቺ ሲመጣ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጡታል። የጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት በስንት ነገር ተለያይተዋል፤ ነገር ግን ለመለያየት በቅድሚያ አንዱን ንባብ በእኩል መያዝ ነበረባቸው። ንባቡ ሳይጠራ ፍቺው አይመጣም። ንባብ የሌለው «አንድም» በጉባኤው ዘንድ ወሬ ነው።

ይህ ሥርዓት ለቅዱሳት መጻሕፍት የተሠራ ነው፤ ልቦለድ በዚያ ሊመዘን አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ልቦለድ የሚታመንበት ቃል አይደለም፤ አንባቢውም የመምህሩን ፍቺ የመቀበል ግዴታ የለበትም። እኔ የምወስደው ግን እምነቱን ሳይሆን ልማዱን ነው፦ ተቃራኒውን ፍቺ አለመሰረዝና እያንዳንዱን ፍቺ በንባቡ ላይ ማንጠልጠል። የፖለቲካ ወገናችን ካለያየን ወዲህ በስደት ያጣነው ይህን ይመስለኛል። ልንለያይበት የምንችል አንድ የጋራ ገጽ የለንም፤ የተለያየነው ገና መጽሐፉ ሳይገለጥ ነው።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አንድ ሰው ዐረፈ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ አባታቸውንም ይወዱ ነበር። ግን ፊደል አያነቡምና መጻሕፍቱን በካርቶን አድርገው «የሚፈልግ ይውሰድ» አሉን። ከካርቶኑ ያነሣሁት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ በኅዳጉ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ስምምነት፣ አንዳንዱ ስድብ፣ በአንድ ቦታ «እዚህ ላይ እናቴን አስታወስሁ» የሚል። በፊታውራሪ መሸሻ ዘመቻ አጠገብ ደግሞ «ለምን አዘንሁለት?» ብሎ ጽፏል። ሰውየው በስብሰባችን ላይ ሁልጊዜ ዝም የሚል ነበር። ከእኛ ጋር ሁለት ሰዓት ያባከንበትን ክርክር እርሱ በሁለት ቃል ጠይቆት ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅነውም።

ከዚህ ወዲህ በቅዳሜው ጉባኤ አንድ ሕግ አውጥተናል፤ ተናጋሪ ሁሉ ከአስተያየቱ በፊት ገጽ ይጠቅሳል። ልጆች በእንግሊዝኛ ያነበቡትን በእንግሊዝኛ ይጠቅሳሉ፤ እኛም የአማርኛውን ገጽ እየፈለግን እናነብላቸዋለን። ያ አባት ለልጁ «ሌላ ጊዜ» ያለው ቀጠሮ ገና አልደረሰም፤ ሁለቱም ግን መምጣታቸውን አላቋረጡም። እኔ ደግሞ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆችና አንባብያን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። በየከተማው የሚገኙ ወገኖች ስለ አንድ መጽሐፍ የተባባሉትን፣ ቢቻል ከነተቃርኖው፣ ከነገጹ ጽፈው ቢልኩና አንድ ዓምድ ቢሰጠው፣ ኬንና ሞልቬር ሊጽፉት ያልቻሉትን የአማርኛ አንባቢ ታሪክ እኛ ልንጀምረው እንችላለን። የሟቹን ቅጂ ገልብጬ የኅዳጉን ጽሑፍ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቤተ ሰቡ ከፈቀደ የመጀመሪያው ዓምድ የእርሱ እንዲሆን እመኛለሁ።